ጥጆቹ ቤት የገባው ባቡር

ባለፈው ሰሞን ያረጀች ራዲዮዬን ይዤ ደብረ ታቦር አንድ ጠጋኝ ዘንድ ሄጄ ነበር። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ሽቦ ከሽቦ ሲበይድ እርሳሱ ቀለጠና ጭሱ እኔ ካለሁበት ደረሰ። «እማማ፣ ራቅ ይበሉ፣ ይህ ጭስ ለሳንባ አይሆንም» አለኝ። እኔ እቴ! ይልቅ ወንበሬን ወደ እሱ ሳብኩ። ያን ሽታ የማውቀው በጃንሆይ ዘመን፣ የፊት ጥርሴ ገና ሲነቀል ነው። ያኔ እስቴ ውስጥ እርሳስ አቅልጦ ባቡር የሚሠራ ከአጎቴ በቀር ማንም አልነበረም። ከዚያ ወዲህም መኖሩን አልሰማሁም።

አጎቴ አያ ተገኘ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነበሩ። በጉርምስናቸው ከአባታቸው ጋር ተኳርፈው ከአገር ወጡ፤ ድሬዳዋ ገብተውም የጅቡቲው ባቡር ላይ ፍሬን ያዥ ሆኑ። ጠጉራቸው እስኪሸብት እዚያው ኖሩ። አያቴ ያረፈች ዓመት፣ የመስከረም ጭቃ ሳይደርቅ፣ አንድ የቆዳ ሻንጣ፣ አንድ የነሐስ ፊሽካና አንድ የማይታጠፍ ጉልበት ይዘው መካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር ካለው ቤታችን ከተፍ አሉ። አባቴ ቀደም ብሎ ስለሞተ ቤቱ የሴት ቤት ነበር፤ እናቴ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ስንዱና እኔ። እናቴ ወንድሟ ለቅሶ ደርሰው የሚመለሱ መስሏት ስታለቅስ ሰነበተች። ሊቀሩ መምጣታቸውን ስትሰማ ደግሞ በደስታ እንደ አዲስ አለቀሰች።

ጉልበታቸው እርሻ አላስይዝ አላቸው። ሞፈር ጨብጠው ጥቂት ትልም ካወጡ በኋላ በሬዎቹ ቆመው ይጠብቋቸዋል። ስለዚህ መሬቱ ለእኩል አራሽ ተሰጠና አያ ተገኘ ቀኑን ሙሉ ደጃፍ ተቀምጠው የጉናን ተራራ ማየት ያዙ። አንድ ቀን ግን ተነስተው ጥጆች ያድሩበት የነበረውን ባዶ ጎጆ ጠረጉ። በማግስቱ ጭቃ አቦኩ። ከዚያ ወዲያ ከዚያ ጎጆ የሚያወጣቸው ራት ብቻ ሆነ።

እዚያ ውስጥ የሚሠሩት የጅቡቲውን ባቡር ነበር፤ ከነመንገዱ፣ ከነድልድዩ፣ ከነጣቢያው፣ ሁሉንም አሳንሰው። ጎረቤት እየመጣ ምን ሊፈይድልዎ ነው ብሎ ይጠይቃቸዋል። «ደስ ይለኛል» ይላሉ። ይህ መልስ በኛ ቀበሌ ከዚያ በፊት የተሰማ አይመስለኝም። ሰው ደስ ሲለው በግ ያርዳል እንጂ ጭቃ አያቦካም። «ሥራ ከመፍታት ልጄን ላፋታት ሆነባቸው» እያሉ ሳቁባቸው። ያ ተረት ኋላ እውነት ሊሆን ምን ያህል ቀርቦ እንደነበር ሳስብ አሁንም ይገርመኛል።

ከግድግዳው ጋር ከተያያዘው መደብ ጀምረው፣ ጭቃና ጭድ እየደለደሉ፣ እስከ በሩ ድረስ ቁልቁለት አወጡ። መደቡ አዲስ አበባ ነው፣ ከበሩ ሥር ያለው ወለል ጅቡቲ፤ ናዝሬት፣ አዋሽና ድሬዳዋ በመካከል። ሐዲዱ የቀርከሃ ስንጥር ሲሆን ከሥሩ የክትክታ ጭራሮ ተጋድሞለታል። ባቡሯ የሳርዲን ጣሳ ነበረች፤ ጭስ ማውጫዋ የተተኮሰ የጥይት ቀለህ። ባሕሩ ጠርዙ የተሸረፈ የእናቴ ገበቴ ነበር፣ በውሃ ተሞልቶ። አጎቴ የባሕር ውሃ ጨው ጨው እንደሚል ስለነገሩኝ ከእናቴ ማሰሮ ጨው ዘግኜ ጨመርኩበት። እናቴ ያወቀች ዕለት ባሕሩ ሊደፋ ምንም አልቀረውም ነበር።

ሞተር የሚባል ነገር የለም። ባቡሯ ከላይ ስትለቀቅ በራሷ እየተንደረደረች ጅቡቲ ትወርዳለች። ሽቅብ የሚመልሳት ከኋላዋ የታሰረ ረጅም ገመድ ነበር፤ ገመዱን መሳብ ደግሞ የእኔ ሥራ። አያ ተገኘ ሥራውን በባዶ አልሰጡኝም። ፊሽካቸውን አንገቴ ላይ አንጠልጥለው «የጣቢያ ሹም» ብለው ሾሙኝ። ሹመት በኛ አገር ቀልድ አይደለም። ወንዝ ወርጄ ውሃ ከሚቀዱት ልጆች ጋር በተጣላሁ ቁጥር ሹም መሆኔን አስታውቅ ነበር። ለስንዱ አማች የሚሆኗት ሰው ግራዝማች እንደሆኑ ስሰማም፣ ግራዝማችና የጣቢያ ሹም ማን ይበልጣል ብዬ አጎቴን ጠየቅኋቸው። ትንሽ አሰቡና፣ ባቡር ባለበት የጣቢያ ሹም ይበልጣል አሉኝ።

አንድ ነገር ግን ተሳስቼ ነበር። ትልቁ ባቡር እንደሚጮህ፣ ውሃ እንደሚጠጣ፣ ሽቅብ ሲወጣ እንደሚያለከልክ አጎቴ ነግረውኛል። የሚጠጣና የሚያለከልክ ነገር ደግሞ ይወልዳል። ስለዚህ ጥጆቹ ቤት ያለችው የትልቁ ባቡር ግልገል ናት ብዬ ወሰንኩ፤ ቤቱም የተመረጠው ለዚሁ መሰለኝ። በየዕለቱ በስንዝሬ እለካታለሁ። አላድግ ስትል ገብስ ዘግኜ ከፊቷ አፈሰስኩላት። ገብሱን ያዩ ዶሮዎች ገብተው የአዋሽን ድልድይ አፈረሱት። አያ ተገኘ አልተቆጡኝም። እንባ እስኪያወርዱ ሳቁና፣ ባቡር አታድግም፣ ሰው ነው ከሷ ጋር ሆኖ የሚያረጅ አሉኝ። እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አላመንኳቸውም፤ ገብሱ ቢቀርም መለካቴን አልተውኩም።

ሌላው ጣጣ የበዓል ነገር ነበር። ትልቁ ባቡር በሰንበትም ይሄዳል ብለው አጎቴ ሲያወሩ እናቴ አማተበች፤ በእኔ ቤት ግን በሰንበት ባቡር አይሄድም ብላ ቁርጡን ተናገረች። ነገሩ የንስሐ አባታችን ዘንድ ደረሰ። አባ መጥተው፣ ጎንበስ ብለው፣ ባቡሯ ስትወርድም ስትሳብም አዩ። ጢማቸውን ሲያሻሹ ቆይተው ፈረዱ። ቁልቁል መውረድ ውሃም የሚያደርገው ነገር ነውና ሥራ አይባልም፤ ሽቅብ መሳብ ግን ሥራ ነው፣ በበዓል አይፈቀድም። ከዚያ ወዲያ በየሰንበቱና በየታቦቱ ቀን ባቡሯ አንድ ጊዜ ትለቀቅና ጅቡቲ ወርዳ በዓሉ እስኪያልፍ እዚያው ታርፋለች። አባም በበዓል ቀን ከቅዳሴ ሲወጡ ያቺን አንድ ጊዜ ለማየት ጎራ ማለት ልማድ አደረጉ።

አንድ ቀን ባቡሯ ለምን ወደኛ እንደማትመጣ ጠየቅኩ። የማላውቃቸውን አገሮች ሳመላልስ እየዋልኩ የኔ አገር መንገዱ ላይ አለመኖሯ ከንክኖኝ ነበር። አጎቴ ጉልበታቸውን እያሹ፣ ዓባይ አለ፣ ጋራው አለ፣ ማን ይሠራዋል አሉኝ። በማግስቱ ስገባ ከአዲስ አበባ በላይ ሌላ ከፍታ ደልድለዋል። ዓባይን በአንድ ቀርከሃ ተሻግረው፣ ጉና ብለው ከከመሩት ጭቃ ሥር፣ ትንሽ ቤት አቁመዋል። የእስቴ ጣቢያ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ባቡሯ የምትነሳውም የምትመለሰውም ከኛ ዘንድ ሆነ። አጎቴን ያን ቀን የወደድኳቸውን ያህል ሰው መውደዴን እንጃ።

ትልቁ ችግር መንኮራኩሩ ነበር። አያ ተገኘ መጀመሪያ ከቅል ነበር የቆረጡት። ባቡሯ ክብደት ስለሌላት አዋሽ ላይ ስትደርስ ብዙ ጊዜ እየዘለለች ገደል ትገባለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ አንድ ባቡር ሳይገለበጥባቸው የኖሩ ሰው አሁን በየቀኑ ሲገለበጥባቸው እህል አልወርድ አላቸው። በመጨረሻ መንኮራኩሯ የእርሳስ ይሁን አሉና ከየቤቱ አሮጌ ጥይት ለመኑ። እርሳሱን አቅልጠው በሸክላ ቅርጽ ሊያፈሱት ነው። ለዚህ ደግሞ እሳቱን የሚያናፋ ወናፍ ያስፈልጋል። ወናፍ ያለው ከወንዙ ማዶ የሚኖረው ቀጥቃጩ ታደገ ብቻ ነበር።

ያኔ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ቡዳ ነው፣ በዓይኑ ሰው ይበላል ይባል ነበር። ማረሻው ሲደንዝ ሁሉም ወደ ታደገ ይሮጣል። እሱ ቤት ግን እህል የሚቀምስ፣ ልጁን ከልጁ ጋር የሚያጋባ የለም። አያ ተገኘ ድሬዳዋ ከብረት ሠራተኞች ጋር ከአንድ ገበታ ሲበሉ የኖሩ ናቸው። ወንዙን ተሻገሩ፣ ታደገ ጠላ ቀዳላቸው፣ ጠጡ። ወናፉን ተውሰውም ትከሻቸው ላይ አንግተው በገበያተኛው መሐል አልፈው መጡ። እኔ ከኋላቸው ፊሽካዬን እነፋ ነበር።

ያን ሰሞን ጥጆቹ ቤት ደስታ ነበር። ወናፉ ያናፋል፣ ከሰሉ ይፍማል፣ እርሳሱ ጥቂት አኩርፎ ይቆይና ድንገት እንደ መስተዋት ያበራል። ሽታው ነጠላዬ ውስጥ ገብቶ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይከተለኝ ነበር። መንኮራኩሮቹ የተገጠሙላት ዕለት ባቡሯ አዋሽን ሳትነቃነቅ ተሻገረች፣ ድሬዳዋን አለፈች፣ ጅቡቲ ደርሳም ባሕሩ ውስጥ ተዘፈቀች። አጎቴ አለቀሱ። ስለሰመጠች መስሎኝ «አይዞዎት፣ አወጣታለሁ» አልኳቸው።

ወሬው ጎረቤታችን ሲማዳ አገር ለመግባት ጊዜ አልፈጀበትም። ስንዱ የታጨችው እዚያው ሲማዳ፣ ወገዳ አጠገብ ለሚኖሩት ለግራዝማች ውብነህ ልጅ ነበር፤ ሠርጉ ለጥር ተቀጥሮ፣ ጌሾው ተገዝቶ ተቀምጧል። አማላጅ የነበሩት ሽማግሌ አንድ ቀን ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። በነዚያ ሰዎች ቤት ወናፍ ይነፋል፣ ከድሬዳዋ የመጣው ሰውዬ ጠይብ ነው፣ ዘራቸውም ተደብቆ ነው እንጂ ድሮም እንዲሁ ነው ተብሎ ተወርቷል አሉን። ግራዝማች በዓይናቸው ካላዩ ልጃቸውን አይድሩም፤ ከኅዳር ሚካኤል ማግስት ራሳቸው ይመጣሉ።

ስንዱ በዚህ የቡዳ ስም አንዴ ከተመለሰች ሌላ አጪ በራችንን እንደማያንኳኳ እናቴ ታውቃለች። እኔም ሳድግ ስሙ ይጠብቀኛል። እናቴ ጥጆቹ ቤት ገብታ ወንድሟ እግር ሥር ቁጭ አለች።

«አያ፣ እኔ አንቱን አልከለክልም፤ እናቴን ቀብሬ አንቱን ያገኘሁ ነኝ» አለች። «ግን ይኸን ነገር ያፍርሱልኝ። ልጅቱ ቆማ ትቅር?»

አያ ተገኘ ባቡሯን ከሐዲዱ አንስተው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጓት። እህታቸው ስታለቅስ ማየት አይችሉም ነበር። «አፈርሰዋለሁ» አሉ።

እኔ ግልገሏን ሊገድሏት ነው ብዬ ወደ ስንዱ ሮጥኩ። ስንዱ ያን ሁሉ ጊዜ ጥጆቹ ቤት ገብታ አታውቅም፤ ለሠርጓ የሚሆን ጥጥ ስትፈትል ነበር የምትውለው። ምን እንዳልኳት አላስታውስም፤ እንዝርቷን አስቀምጣ እጄን መያዟን ግን አስታውሳለሁ። መጥታ መንገዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየችው። ባቡሯን ልቀቂያት አለችኝና ለቀቅኋት። ስትንደረደር ወርዳ ባሕር ስትገባ ስንዱ ከልቧ ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጠችና ወደ ወንድሟ ዞረች።

«እንዳይፈርስ» አለች። «ኸፈረሰማ እውነት ነበር ይላሉ። ደብቄ ብገባ ዕድሜዬን በሰው ቤት ሳቀረቅር ልኖር ነው። መጥተው ይዩት። የሚያስመልሰኝ ኸሆነ ኸዚሁ ልመለስ።»

እናቴ አገጯን ይዛ ቀረች። አያ ተገኘ ከአገር ሲወጡ ስንዱ አልተወለደችም ነበር፤ እህታቸውን በእውነት ያወቋት ያን ቀን ይመስለኛል። ያፈርሱበት ዘንድ የያዙትን ዶማ ከግድግዳው አስደገፉት።

የኅዳር ሚካኤል ዕለት ባቡሯ እንደ ሥርዓቱ አንድ ጊዜ ወርዳ ጅቡቲ አደረች። በማግስቱ ጠዋት፣ ገና ሽቅብ ሳልስባት፣ ግራዝማች ውብነህ በበቅሎ መጡ። ረጅም፣ ጢማቸው የነጣ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው ነበሩ። እናቴ ጠላ ቀድታ ቆሎ አቀረበች። «ይቆየን» አሉ። ይህ ቃል ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በቀር ሁሉም ገብቶታል፤ በቡዳ ቤት እህል አይቀመስም። እኔ ጠግበው የመጡ መስሎኝ ቆሎውን ወደ ራሴ አስጠጋሁ።

ጥጆቹ ቤት ጎንበስ ብለው ሲገቡ መጀመሪያ ያዩት ወናፉን ነበር። ይደብቁልኝ ብላ እናቴ ብትለምንም አያ ተገኘ ካለበት አላነሱትም።

«ይኸ ወናፍ የማን ነው?» አሉ ግራዝማች።

«የታደገ ነው፣ የቀጥቃጩ። እኔ ነኝ የተዋስሁት» አሉ አጎቴ። «ዘሬን ኸፈለጉ አገሩን ይጠይቁ፣ አባቴን የማያውቅ የለም። ታደገን ግን አልክደውም። ጠላውን ጠጥቻለሁ፣ ወዳጄ ነው።»

እናቴ ከደጅ ሆና «አይ እመቤቴ» ስትል ተሰማኝ። የግራዝማች ዓይን ግን ከወናፉ ላይ ተነስቶ ወደ ጭቃው መንገድ ሄዶ ነበር። ምን እንደሆነ ጠየቁ። አጎቴ እንደ ድሮ ሥራቸው ጣቢያ ጣቢያውን በጣታቸው እየነኩ ነገሯቸው፤ የት ውሃ እንደሚሞላ፣ የት ሻይ እንደሚሸጥ፣ የት ፍሬን እንደሚያዝ። ጅቡቲ ሲደርሱ ግራዝማች አስቆሟቸው።

«ኸዚህ ወዲያስ?»

«ኸዚህ ወዲያ ባሕር ነው፣ ግራዝማች። ማዶው አይታይም።»

«ታላቁ ልጄ በዚህ ነው የሄደ» አሉ። «በባቡር ሲሳፈር አየሁት ያለኝ አንድ ነጋዴ ነበር። ኸዚያ ወዲህ ድምጡ የለም። ምን እንደሁ ሳላውቅ ባቡርን ስረግም ኖርሁ።»

ዱላቸውን ለአጎቴ ሰጥተው ወለሉ ላይ ተንበረከኩ። ባቡሯ ከትናንት ጀምሮ ባሕሩ ዳር ቆማለች። ወደ ላይ በምን እንደምትመለስ ጠየቁ። አያ ተገኘ ገመዱን አሳዩአቸውና፣ ገመዱ የጣቢያ ሹሟ ስለሆነ እሷን ያስፈቅዱ አሏቸው። ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው ሳይስቁ ጠየቁኝ። እኔም ፈቀድኩ።

ገመዱን በሁለት እጃቸው ይዘው በቀስታ ሳቡ። ድሬዳዋን አለፈች። አዋሽ ድልድይ ላይ ስትንገዳገድ እጃቸው ቆመ፣ ትንፋሻቸውም አብሮ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ሳቡ። ናዝሬት፣ አዲስ አበባ፣ ዓባይ። እስቴ ስትገባ ደንቡ ነውና ፊሽካዬን ነፋሁ። ሽማግሌው እንደተንበረከኩ ቀሩ፣ እንባቸው በጢማቸው ላይ ይወርዳል። ግራዝማች ያለቅሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሲነሱ ደጃፉ ላይ የቆመችውን ስንዱን አዩ።

«ስንዱ አንቺ ነሽ?» አሉ። «በይ የምጠጣው ስጪኝ፣ ልጄ።»

እናቴ እልል ልትል አፏን ከፍታ በእጇ ያዘችው። ግራዝማች ጠላውን ቆመው ጨለጡ። ዋንጫውን ሳይመልሱ ግን አንድ ነገር ይቀራል አሉ። ሁላችንም ደነገጥን።

«ሐዲዱ እስቴ ላይ አይቁም። ሲማዳ ይድረስ። ልጄ ሲመጣ መውረጃ ይኑረው።»

ስንዱ በጥር ተዳረች። ዓለም ባንድ ዋንጫ ጠላ አልተለወጠችም፤ ታደገ ሠርጉ ላይ አልተጠራም፣ ግራዝማችም ወደሱ ቤት አልተሻገሩም። አያ ተገኘ ግን ከሠርጉ ወጥ በሳህን አስይዘው ወንዙን ተሻገሩ፣ ወናፉን መለሱ፣ ከታደገ ጋር ቁጭ ብለው በሉ። እናቴ አይታ እንዳላየች ሆነች። ለሷ ይኸ ብዙ ነበር።

የሲማዳውን መንገድ እኔና አጎቴ ከሠርጉ በኋላ ሠራነው። ቤቱ ስላልበቃን ግድግዳውን በስተን ሐዲዱን ወደ ጓሮ አወጣነው፤ ወገዳ ከጓሮው የግራዋ ዛፍ ሥር ሆነች። እዚያ ትንሽ የጭቃ ቤት አቁመን በሩን ክፍት ተውነው፤ በሩ እንዲዘጋ አልፈለግንም።

ግራዝማች እስከ ክረምቱ መግቢያ ስንዱን እያስከተሉ ይጠይቁን ነበር። ከበቅሏቸው ወርደው ማንንም ከመሳማቸው በፊት ጓሮውን ዞረው ግራዋው ሥር ይመጣሉ።

«የጣቢያ ሹም» ይሉኛል፣ «የወረደ ሰው አለ?»

ልጃቸው መንገድ ላይ መሆኑን እኔ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።

«ገና ነው፣ ግራዝማች። እየመጣ ነው።»

«እንግዲያስ ሳቢው» ይሉኛል። እኔም ገመዴን አንስቼ እስባለሁ።